ቢጫው ፎጣ ያልታየበት ጠዋት

ከሰባት የልጅ ልጆች መካከል አያቴ ሲግኔ ከእሷ ጋር እንድቀር የመረጠችው እኔን ነው። ይህን ለአርባ አራት ዓመት ሳወራ ኖሬአለሁ። ለባሌ ነግሬዋለሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ ለመጣው ባሌም ነግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ መንጋጋዬን ይነቅል ለነበረ የጥርስ ሐኪም አፌ በጥጥ እንደተሞላ ነግሬዋለሁ። ሰባታችንን በቁመት አሰልፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ተመልክታ፣ «ካርላ ትቅር፤ ሌላው ይሂድ» አለች እላለሁ።

እርግጥ ነው፣ በዚያው ሳምንት ኩፍኝ ይዞኝ ነበር። ሚኒያፖሊስ ቤታችን ውስጥ የሦስት ሳምንት ወንድም ተወልዶልኛል፤ እናቴም በስልክ «ስለ እግዚአብሔር ወደዚህ እንዳታመጧት» ብላ አልቅሳለች። ይህ ግን ዝርዝር ነው። ስንት ጥሩ ወሬ በዝርዝር ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ።

ሐይቁ ባልዲ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀናተኛ መሆን አለበት። ሚኒሶታ ውስጥ አሥር ሺህ ሐይቅ አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከእኛው በቀር ሌላው ሁሉ የእግር መታጠቢያ ነው። ወዲያ ማዶውን ለማየት የንስር ዓይን ያስፈልግ ነበር። ባለፈው ዓመት ካርታ ላይ ብለካው ግማሽ ማይል ሆኖ አገኘሁት። ካርታውን የሠራው ሰውም ቀናተኛ ነው።

የአክስትና የአጎት ልጆቼ የሄዱት በመስከረም መጀመሪያ፣ የሠራተኞች ቀን በተከበረ ማግስት ነው። በየዓመቱ እንደዚያው ነው። እስከ ሰኞ ማታ ሐይቁ በልጅ ጩኸት ሲናወጥ ይከርምና ማክሰኞ ላይ ሁሉም ወደየከተማው፣ ወደየትምህርት ቤቱ ይበተናል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ቤቶችም አንድ በአንድ ይዘጋሉ። እኔ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል መጋረጃ ተጋርዶብኝ ተኝቻለሁ፤ ኩፍኝ የያዘው ሰው ብርሃን ካየ ዓይኑ ይበላሻል ይባል ነበር። መጋረጃው ግን ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በመቀስ።

በቀዳዳው አጎቴ ሮጀር ረጅሟን መኪናውን ሲጭን አየሁ። ስድስቱ ልጆች ከኋላ ተጠቅጥቀው እየተራገጡ ነው። ሚስቱ ሎይስ የመኪናውን በር ከፍታ ቆማለች። አያቴ መሐረቧን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

«እንግዲህ ተስማምተናል እማዬ» አለ ሮጀር።

«አራት ጊዜ ነገርከኝ።»

«አምስተኛም እነግርሻለሁ። ቶርቫልድ አንድ ቀን ስልክ ከደወለልኝ አበቃ። ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ክርክር የለም።»

«ማን ተከራከረህ? ንዳ አሁን፤ ልጆቹ በሙቀት ቀለጡ።»

«እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው» አለች ሎይስ። «ደግሞስ እሱም ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እስከ መቼ...»

«ቶርቫልድን ለእኔ ተዪልኝ። እኔና እሱ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

መኪናው ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ሄደ። ከኋላው መስኮት ስድስት እጅ ተውለበለበ። አያቴ መኪናው ከዛፎቹ መሐል ከጠፋ በኋላም እጇን አላወረደችም።

እኔ ግን ከቀዳዳዬ ኋላ ደርቄ ቀረሁ። ቶርቫልድ ማለት ከሐይቁ ማዶ ብቻውን የሚኖር አናጢ ነው፤ ኖርዌያዊ፣ ረጅም፣ ጆሮው የፓንኬክ ያህል የሚሰፋ ሽማግሌ። እሱ አጎቴ ዘንድ ይደውላል፤ አያቴም ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ይህን ለመተርጎም ረዳት አያሻውም። ሽማግሌው አያቴን ሊያገባት ነው። የሚጠብቁት እሱ ለልጇ ደውሎ በወጉ እስኪጠይቅ ድረስ ብቻ ነው።

እናቴን አዲሱ ሕፃን ወስዶብኛል። አሁን ደግሞ ይኸኛው ትልቅ ጆሮ መጣ።

ከዚያ በኋላ ዝም ያሉት ቀናት ተከተሉ። በረንዳው ላይ የዋና ልብስ የምንሰቅልባቸው ሰባት መንጠቆዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ባዶ ሆኑ። በጋውን ሙሉ ስትንጓጓ የከረመችው፣ ዝንብ የምትከለክለው የወንፊት በር ድምፅዋ ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት አያቴ ፓንኬክ ጋግራ ጠራችኝ፤ ሳህኑ ላይ ሃያ አንድ ተቆልሏል። ሁለታችንም ክምሩን አየነው።

«እጄ ለምዶ ነው» አለች።

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ፤ ጨረስኩትም። ሃያ አንድ ፓንኬክ በኩፍኝ! ሐኪሞች ቢሰሙ ይጽፉት ነበር። አራቱን በልቼ ሌላውን ከበረንዳው ሥር ለሽኮኮዎች የወረወርኩት መሆኑን አያቴ ያወቀች አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በሦስተኛው ቀን ሽኮኮዎቹ ተሰልፈው በር ላይ ሲጠብቁ ሳታውቅ አልቀረችም።

ከሰዓት በኋላ የልጆቹን አልጋ ልብስ ሁሉ ገፍፋ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ስድስት አንሶላ በነፋስ ይነፋል። አንዱን ከማጠቧ በፊት ፊቷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ስታሸተው በመጋረጃዬ ቀዳዳ አይቻታለሁ። መቆሸሹን ልታረጋግጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ባዶ አልጋ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ምንም አትሠራም። እኔም ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እወርድና ካርታ እንጫወታለን። በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ ጊዜ አሸንፌአታለሁ።

«አጭበርብረሻል» ትለኛለች።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ይቺ ንግሥት ከብርድ ልብስሽ ውስጥ ምን ታደርጋለች?»

«በርዷት ነው።»

ትስቃለች። ሳቋ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ይዞርና የሚመልስለት ሲያጣ ያልቃል።

ያቺን ነገር ያየሁት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ልክ አንድ ሰዓት ሲል አያቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ቢጫ የሳህን ፎጣ ይዛ ወደ ውሃው ወረደች። ከቤታችን ፊት ጀልባ የምናስርበት የሳንቃ መድረክ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ጫፉ ላይ የቆመ እንጨት አለ። ፎጣውን እዚያ እንጨት ላይ ሰቀለችና ቆመች። አየሩ ቀዝቅዟል፤ ውሃው ላይ ቀጭን እንፋሎት ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከማዶ፣ በቶርቫልድ መድረክ ላይ፣ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። የአደን ሸሚዙ ነው። አያቴ ትከሻዋ ወረድ አለ። ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ ቆየችና ተመለሰች። ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ስትጥድ እያንጎራጎረች ነበር።

ፀጉሯን አበጥራ! ለሸሚዝ!

በማግስቱም እንደዚያው። በማግስቱም። እኔም በቀዳዳዬ ሆኜ ጥርሴን አፋጨሁ።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ራሱ በጀልባ መጣ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ አሳ ይዟል። ደፍ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። አያቴም ይግቡ አላለችውም። አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነው ከአንቱታ አልወጡም።

«እንደምን አደሩ ሲግኔ።»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«አለሁ።»

አንድ ዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው በረረች።

«ነፋሱ ከሰሜን ሆነ» አለ።

«ሆነ።»

«አሳው ትንንሽ ነው።»

«ትንሽ ይጣፍጣል።»

ከዚያ ዓይኑ ደረጃው ላይ ነብር መስዬ የተቀመጥኩት እኔ ላይ አረፈ። «ይቺ ነጠብጣቧ ትናከሳለች እንዴ?»

«በዚህ ሐይቅ ላይ ትልቁን አሳ የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ጀልባው ሊሰጥም ነበር።»

«አይቼዋለሁ። ማጥመጃሽ ላይ የነበረው ትል ከአሳው ይበልጥ ነበር።»

አያቴ በመሐረቧ አፏን ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ አላየኋትም። በእኔ ሳቀች፣ በእሱ ምክንያት። ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

አሁን ከዚያች ልጅ ጋር መጋረጃ ኋላ ብቆይ ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚያ ታሪኩ ያማረ ነው። ግን ቆይቼ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ለእኛ ለልጆቹ የተነገረን አያታችን አይናር፣ የሲግኔ ባል፣ አልጋው ላይ ተኝቶ በእንቅልፉ እንዳረፈ ነው። እንዲያ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በዚያው ሰሞን፣ እኛ በሄድን በአራተኛው ቀን፣ አያቴ እህቷን ልትቀብር ወደ ፋርጎ ሄዳ ሳለች፣ አይናር መድረኩ ላይ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አንድ ቀን ተኩል እዚያው ተኛ። ቶርቫልድ ከማዶ ሆኖ ያየዋል፤ ግራጫ ነገር ሳንቃው ላይ ተዘርግቷል፤ የጀልባ ሸራ መሰለው። ወፍ የሚያይበት ጥሩ አጉሊ መነጽር መስኮቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል። አላነሳውም። በእኛ ሐይቅ የሰው ቤት በመነጽር አይታይም። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይነግሩት የሚጠይቅ ሰው ስድ ነው። ሰው ሰውን የሚያከብረው ባለማየት ነው። እናም ቶርቫልድ ጎረቤቱን አክብሮ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ሸራው በነፋስ እንደማይንቀሳቀስ ልብ ያለው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና፣ «በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ይስቀሉ፤ እኔም እሰቅላለሁ» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ሮጀር እናቱን ከተማ ሊወስዳት ቆርጦ ነበር፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በዚህ ተስማሙ። ፎጣው ካልታየ፣ ቶርቫልድ ለእሷ ይደውላል፤ ስልክ ካላነሳች ለሮጀር ይደውላል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይዘጋል። አያቴ በሙሽርነቷ የገባችበት፣ አራት ልጅ የወለደችበት ቤት ነው። እዚያ መኖሯ በአንድ የሳህን ፎጣ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቷ ይህን አታውቅም። ልጅቷ የምታውቀው ሽማግሌው እንዳይደውል፣ አያቷም ምልክት እንዳትሰጠው ማድረግ እንዳለባት ብቻ ነው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጭጋግ ወረደ። እንዲህ ያለ ጭጋግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም፤ በማንኪያ ይዛቅ ነበር። አያቴ እንደ ልማዷ ወርዳ ፎጣውን ሰቀለች። ማዶው አይታይም። ጥቂት ቆማ ተመለሰችና ወደ ደረጃው ቀና ብላ፣ «ካርላ፣ እኔ ጓሮ ነኝ፤ ሽንኩርቱን ዝናብ ሳያበሰብሰው ልንቀለው። አንቺ እንዳትነሺ» አለች። እንዲህ ያለ ቀን ጭጋጉ እስኪገለጥ ሁለቱም ይጠባበቃሉ፤ ያም ስምምነት ነበራቸው።

የጓሮው በር ሲዘጋ ተነሣሁ። መጀመሪያ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ እጀታውን አንሥቼ በገመዱ አንጠለጠልኩት። ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ፤ ሽማግሌው የትም ቢደውል መስመሩ ይዘጋበታል ብዬ ነበር። ከዚያ በባዶ እግሬ ወደ መድረኩ ሮጥኩ። ሳንቃው እርጥብ ነው፤ ከሁለት እርምጃ በላይ አይታየኝም። ጫፉ ላይ ስደርስ ፎጣው ጭጋጉ ውስጥ ብቻውን ተሰቅሏል። መንጭቄ አወረድኩት፣ ሌሊት ልብሴ ውስጥ ወሸቅኩት፣ ተመልሼ ትራሴ ሥር ከትቼ ተኛሁበት። ልቤ ይዘል ነበር። ሀገር ያዳነ ወታደር እንደዚያ ነው የሚሰማው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጭጋጉ ተነሣ። ሐይቁ እንደ ጣሳ ክዳን አበራ። ከማዶ ቀይ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ከዚያ የሆነውን አላየሁም፤ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ቶርቫልድ ባዶውን እንጨት አየ፤ ደወለ፤ መስመሩ ተይዟል። ሦስቴ ደወለ። እጀታውን እንደያዘች የወደቀች መሰለው። ለሮጀር ደወለ። ሮጀር ስልኩን እንኳ በወጉ ሳይዘጋ ወደ መኪናው ሮጠ። የጀልባው ሞተር አልነሣ ሲለው ሽማግሌው መቅዘፊያ አነሣ።

እኔ ያየሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጀልባ ቀጥ ብላ፣ እየተንገዳገደች ትመጣለች። ማሰሪያው ጋ ሳይደርስ ዘሎ ወረደ፤ እስከ ወገቡ ውሃ ገባ። በእጁ መጥረቢያ አለ፤ በሩ ተቆልፎ ከሆነ ሊሰብርበት ነው። ባርኔጣ የለውም። «ሲግኔ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሰው ድምፅ አይመስልም። የወንፊቷ በር ከስንት ቀን በኋላ ተንጓጓች። እኔ ወደ ደረጃው ወጥቼ በደረጃው መደገፊያ ክፍተት አየሁ።

አያቴ በጓሮ በር ገባች፤ ሽርጧ ላይ ሽንኩርት ታቅፋለች። እሱ ወጥ ቤቱ መሐል መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል፤ ከሱሪው ውሃ ይንጠባጠባል።

«አለሽ» አለ።

አንቱታው የለም። እኔ ከደረጃው ላይ ሰማሁት፤ ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ይኸው ተጋለጡ!

«ምን ሆኑ? ምነው እንዲህ በሰበሱ...» አለች።

«የለም እኮ። እንጨቱ ላይ የለም። ደጋግሜ አየሁ፤ በመነጽር አየሁ። ዛሬ በመነጽር አየሁ ሲግኔ።» መጥረቢያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዳግመኛ ሸራ ነው ብዬ ልቀመጥ አልችልም።»

«ይቀመጡ። ይቀመጡ እስቲ፤ ኧረ ሊወድቁ ነው።»

አልተቀመጠም። «ለሮጀር ደውዬለታለሁ» አለ።

ሽንኩርቶቹ ከሽርጧ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወደቁ። «መቼ?»

«ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

«እንግዲያማ መንገድ ላይ ነው» አለች። ወደ ስልኩ ዞረች። እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሏል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ደረጃውን አየች። በረርኩ፤ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እርምጃዋ መጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። እጇ ግንባሬን ነካ፤ ከዚያ ወደ ትራሴ ሄደ። የፎጣው ጫፍ ወጥቶ ኖሯል። በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መለሰችው፤ ብርድ ልብሱንም ዙሪያዬን አጥብቃ ወሸቀችልኝ።

«ተኚ» አለች። «ትኩሳት አለብሽ።»

ትኩሳት አልነበረብኝም።

ሮጀር ቀትር ላይ ደረሰ፤ የአራት ሰዓቱን መንገድ በሦስት ሰዓት ነድቶታል። ፊቱ ኖራ መስሎ ገባ፣ እናቱን ድንች ስትልጥ አገኛት፣ ወንበር ስቦ ጭንቅላቱን ያዘ። ቶርቫልድ የአይናርን ደረቅ ሱሪ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል፤ አጥሮበታል።

«ፎጣውስ?» አለ ሮጀር።

«ረሳሁት።»

«ስልኩስ እማዬ?»

ቢላዋዋ ልጣጩን ሳትበጥስ ዞረች። «እሱንም ረሳሁት መሰለኝ። አንሥቼ... ረሳሁት።»

«ሮጀር» አለ ቶርቫልድ፣ «ጭጋግ ነበር እኮ። እኔም ቸኩዬ ይሆናል።»

«ጭጋግ ስልክ አያነሣም። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት!» ራሱን ቀና አደረገ። «አባዬን እንዴት እንዳገኙት እርስዎ ያውቃሉ። አንቺን ደግሞ እንደዚያ ላገኝሽ ነበር የመጣሁት። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሳይሽ ነው የመጣሁት።»

አያቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማን ተከራከረህ ብዬህ የለ?» አለችው፤ ፀጉሩንም በእርጥብ እጇ ዳሰሰችው። «ሻንጣዬን አውርድልኝ።»

ሐኪሞች በኋላ መርምረዋታል፤ የማስታወስ ችሎታዋ ከሐኪሞቹ ይሻል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ረሳች ተብላለች። ቁልፍ በጠፋ ቁጥር፣ ማሰሮ ባረረ ቁጥር ልጆቿ በዓይናቸው ይጠቃቀሱ ነበር። እሷም እያየቻቸው ዝም ትላለች። የመኪና ማቆሚያ ከሚያሳይ መስኮት ፊት አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ቶርቫልድ ቀጣዩን ክረምት አልጨረሰውም። እሱንም ቢሆን በየጠዋቱ ሸሚዙን ከእኛ ወገን የምታይለት አያቴ ብቻ ነበረች፤ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። የስምምነቱን ነገር እናቴ የነገረችኝ አያቴን ቀብረን ስንመለስ ነው፤ «ምስኪን፣ አንድ ቀን ብትረሳ...» አለችኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ፣ ለጥርስ ሐኪም የማወራው ሴት።

በዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኛል። አያቴ ከእኛ ጋር ልትሄድ ነው፤ ሽማግሌው ተሸነፈ። ደስታዬ የቀነሰው ሮጀር መስኮቶቹን በሳንቃ ሲመታ ነው። ማቀዝቀዣውን ባዶ አደረገ፤ ውሃውን ከሥሩ ዘጋ፤ ከበረንዳው መንጠቆ የዋና ልብሴን አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው መስኮት በምስማር አይመታም። አያቴ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረች በሮቹን ስትዘጋ ሰማሁ፤ እያንዳንዱን ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን የተኛ ይመስል።

ቶርቫልድ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ሽንኩርቱን ላስጣው?» አለ።

«ይውሰዱት፤ ለእርስዎ ይሁን።»

«ብዙ ነው እኮ ለአንድ ሰው።»

«ይቆያል» አለች። «በደረቅ ቦታ ከተሰቀለ ይቆያል።»

ሌላ አላሉም። እጅ እንኳ አልተጨባበጡም። ሮጀር ሞተሩን አስነሣ፤ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ወደ ኋላ ስዞር ሽማግሌው የአይናርን አጭር ሱሪ ለብሶ መንገዱ መሐል ቆሞ አየሁት። ባል የሚሆን ሰው አይመስልም። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ዝቅ አለ። አያቴ ከጎኔ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ጓንቷን አንዴ ታወልቃለች፣ አንዴ ታጠልቃለች።

«እማማ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ፎጣውን እኮ...»

እጇ እጄን አፈፍ አደረገው። ከፊት ሮጀር በመስተዋቱ አየን።

«አንድ ነገር አውሪኝ ካርላ» አለች ጮክ ብላ። «ረዘም ያለ። የፈለግሽውን።»

«የምን?»

«የፈለግሽውን አልኩሽ። አንቺ ወሬ አይጠፋሽም። መንገዱ ሩቅ ነው።»

እኔም ጀመርኩ። ጎመን ልትበላ ጓሮ ስለገባች ድብ አወራሁ፤ ድቧን በመጥረጊያ እንዳባረርኳት፣ ከዚያ ሁለት ድብ እንደነበሩ፣ ከዚያ ሦስት። ሮጀር ሳይወድ ፈገግ አለ። በተነፈስኩ ቁጥር እጄን ትጨብጠኛለች፤ «ከዚያስ?» ትላለች። ድቦቹ አሥራ ሁለት ሆኑ፤ ሐይቁን ተሻገሩ፤ የከንቲባውን ጀልባ ሰረቁ። ወሬዬን የወደደችው መስሎኝ ነበር። እውነቱ አፌን እየሞላ በመጣ ቁጥር በድብ ታስወጣዋለች፤ ልጇ እንዳይሰማ፣ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተሸክሜው እንዳልቀር።

የከተማው መብራት ከሩቅ ሲታይ ድምፄ ተዘጋ። ድቦቹ አለቁብኝ።

አያቴ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው፤ ጨለማ ስለነበር አላየሁትም።

«ከዚያስ?» አለች።